የዓይኗ ድምፅ

«ዶክተር፣ ዓይኔ ይጮሃል» አለች፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፤
ኅዳር ነው፤ ቭሮትስዋፍ ጉም ለብሳለች፣ ፀሐይ እንደተኛች አልወጣ።
«ወደ ግራ ሳይ ይፋጫል፣ ወደ ቀኝ ሳይ ይፋጫል፣
ሌሊት መጽሐፍ ሳነብ መስመር ባለፍኩ ቁጥር ይንጫጫል፤
እንደ ብርጭቆ ወረቀት፣ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ፤
ባሌ አጠገቤ ተኝቶ አይሰማም። እኔስ የት ልግባ? ከገዛ ዓይኔ ምን አለ መሸሸጊያ?»

ቦጉሚዋ ትባላለች፤ የከተማው ትራም ሾፌር፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ደቂቃ አሳልፋ ስትደርስ ያየ አልነበር።
አሁን ግን የራሷን ደወል ስትደውል መንገዱ ያዘነብልባታል፣
ሕንፃው ይጋደማል፣ መብራቱ ይዋኛል፣ ሐዲዱ ይሸሻታል።
ትናንት ኦድራ ድልድይ ላይ፣ በአንዲት ደወል ሰበብ፣
ሰማንያ ሰው ጭና ቆመች፤ ከኋላዋ ጡሩምባ፣ ከጎኗ ስድብ።

ፋይሏ ወፍራም ነው። አንዱ «ጭንቀት» ብሏል፣ ሌላው «ማረጥ»፣
ሦስተኛው «ማግኒዚየም፣ ዕረፍት፣ በሳምንት ሦስቴ መሮጥ»።
አራተኛው የእጅ ጽሑፍ የማን ነው? የዛሬ አራት ዓመት ተጽፏል፦
«በሽተኛዋ ታጋንናለች።» ፊርማው የእኔን ይመስላል።

የእኔ ነው።

ከጥግ የቆመው ተለማማጅ፣ ዬሬሚ፣ ገና ጢሙ ያልጠና፣
«ጫማዎን ያውልቁ» አላት። በሆዴ ሳቅሁ፤ ጆሮ ታማ መጥታ እግሯን ሊያይ ነውና።
ሹካ መሳዩን ብረት ከጉልበቱ አጋጭቶ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተከለ፣
ከካልሲዋ ከፍ ብሎ፣ አጥንቱ ጉብ ካለበት። ክፍሉ ጸጥ አለ።
እኔ ምንም አልሰማሁም። እሱም አልሰማም።
እሷ ግን ግራ ጆሮዋን በመዳፏ ያዘች።
«እዚህ ነው» አለች። «እዚህ ውስጥ ነው የሚዘምረው።»
እና አለቀሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከአንጎል በታች፣ ከጆሮ በላይ፣ ጣሪያ አለ፣ ስስ አጥንት፤
ለእኔም ለእናንተም ድፍን ነው፤ ለእሷ ግን ሽንቁር አለበት።
የሰናፍጭ ቅንጣት ታህላለች። በዚያች የገላዋ ወሬ ሁሉ ይገባል፤
ዳቦ ስታኝክ ድንጋይ ይናዳል፣ ስትራመድ ከበሮ ይመታል፣
ደሟ እንደ ምድር ቤት ቧንቧ ሲንፎለፎል ያድራል፣
ዓይኗ በተንከባለለ ቁጥር ወፍጮ ይዞራል፤
ደወልም በዚያው ሾልኮ የሚዛኗን ውሃ ይንጣል።
አንዲት ቃል አልጨመረችም። አላሳመረችም። ያለችው ያው ነበር፤
እኛ ዘንድ ነው የጠፋው፣ የሰው ቃል እንደ ቃሉ መቁጠር።

በጥር፣ በረዶ መስኮቱን ሲደበድብ፣ ራሷን ከፈትን፤
ሽንቁሯን በራሷ አጥንት ብናኝና በሰም ደፈንን።
አማረልን አልን። እጅ ተጨባበጥን።
በአምስተኛው ቀን ግራ ጆሮዋ ጠፋ፤ እንደ ሻማ፣ ያለ ድምፅ።
«ጥቂቶች ላይ ይደርሳል» ይላል ያስፈረምናት ወረቀት፤
እሷ ከጥቂቶቹ ውስጥ።

ይቅርታ ልጠይቅ ገባሁ፤ ለጆሮዋም፣ ለፊርማዬም።
መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ የሚያልፉትን ትራሞች በዓይኗ
ከዳር እስከ ዳር ትሸኛለች፣ ትመለሳለች፣ ትሸኛለች።
«ዝም አለ» አለችኝ።
ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም።
«ትናንት ባሌ ሲገባ ቀና ብዬ አየሁት።
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሳየው የሚሰማኝ ነገር ነበር።
ሰው ማየት እንዲህ ጸጥ ያለ ነገር ኖሯል እንዴ፣ ዶክተር?»

ማታ ቤቴ መብራት አጥፍቼ ዓይኔን ግራና ቀኝ አንከባለልሁ።
ምንም። ማቀዝቀዣው ብቻ። ጎረቤት የሚያስለው።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ፋይሏ ውስጥ ዛሬም አለች፤
የሐኪም ጽሑፍ አይፋቅም፣ እንዲህ ነው ሕጉ።
ከጎኗ፣ በጠባቡ ኅዳግ ላይ፣ ቀን ጻፍኩ፣
«ሰምቻለሁ» አልኩ፣
ፈረምኩ።